በማርያም ያልኩ ቀን

ለእረፍት ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር በመጣሁ ቁጥር አሰልጣኝ ይሻው አዲሶቹ ልጆች ፊት ያስቆመኛል። "እችን እዩዋት፤ ጥሩወርቅ ትባላለች። አራት መቶ ሜትር ሲቀራት ወድቃ፣ ተነስታ ሦስተኛ የወጣች ናት። ጽናት ማለት ይኸ ነው" ይላቸዋል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። የእኔ ደም ይፈላል። አንድ ቀንማ ጫማዬን አውልቄ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱ ግን ምን አጠፋ? ያየውን ነው የሚያወራው። መውደቄም እውነት ነው፣ መነሳቴም እውነት ነው። ያልሰማው ያን ጊዜ ከአፌ የወጣችውን አንዲት ቃል ነው። ቃሏን የሰማች ፋሲካ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ አሁን አገር ውስጥ የለችም፤ ብትኖርም አትናገርም። ስለዚህ እኔው ልናገር።

ፋሲካ ዋልልኝ የጉና ሥር ልጅ ናት። ቤታቸው ከደብረ ታቦር በጋይንት መንገድ ተሂዶ፣ ከመኪና ተወርዶ፣ ከዚያ ሽቅብ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ከገብስና ከድንች በቀር ምንም እሺ የማይልበት ብርድ አገር። ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ከተማ ስትመጣ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በዚያው ዓመት ሁለታችንም አሰልጣኝ ይሻው ዘንድ ሩጫ ጀመርን። እንዲያውም ያኔ እኔ እሻላት ነበር።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ከሩጫው የምጠብቀው ነገር ቶሎ አልመጣ ሲለኝ ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ ሄድኩ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አንድ ቤት ውስጥ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ከምል ተቆለፈብኝ ብል ይሻላል። ከወጥ ቤቱ እስከ ልብስ ማጠቢያው ያለው መተላለፊያ ዐሥራ አንድ ርምጃ ነበር፤ አሠሪዬ ሴትዮ ስትወጣ እሱን እየተመላለስኩ እሮጥ ነበር። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ የዘይት ነው። የቀረውን ለእናቴም አላወራሁ። የነገርኳት ለፋሲካ ብቻ ነው፤ አንድም ሳላስቀር።

ስመለስ ወፍሬ፣ ገርጥቼ ነበር። አሰልጣኝ ይሻው ሲያየኝ "ሯጭ ላኩልኝ ብላቸው የጤፍ ጆንያ ላኩልኝ?" አለ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ስቄ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በነጋታው ጠዋት ፋሲካ በሬን አንኳኳች።

"ተነሽ" አለች።

"አልሮጥም።"

"ማን ሩጭ አለሽ? ነይ እንራመድ።"

አንድ ወር ተራመድን። ከዚያ ሶምሶማ ጀመርን። ከዚያ ዳገት። የራሷን ልምምድ ጨርሳ፣ ላቧ ሳይደርቅ፣ ከእኔ ጋር እንደገና ትጀምር ነበር። አንድ ክፍል ቤትም አብረን ተከራየን። ስምንት ወር እንዲህ ሆና ነው እግሬን የመለሰችልኝ፤ አንድም ቀን "እኔ ነኝ እኮ" ብላ አታውቅም።

አሁን ስለዚያች ቃል ልንገራችሁ። ሁላችንም "በማርያም" እንላለን። ጨው አቀብይኝ ለማለት እንኳ በማርያም እንላለን፤ ከአፋችን አይጠፋም። በእነ ፋሲካ ቤት ግን እንዲህ አልነበረም። እናቷ እማማ ውዴ ሁለት ልጅ ቀብረው፣ ለማርያም ተስለው ነው ፋሲካን የወለዱ። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያምን ጽዋ ይጠጣሉ። በዚያ ቤት በስሟ የለመነ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ በስሟ ቁም የተባለም አያልፍም። አንድ ቀን ለልምምድ ረፍዶብን ስንጣደፍ አንድ የኔ ቢጤ ከአስፋልቱ ማዶ "ስለ ማርያም" ሲሉ ሰማች። ኪሷ ውስጥ ምንም የላትም። ተሻግራ ሄዳ "አባቴ፣ ዛሬ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ" ብላ ጉልበታቸውን ስማ ተመለሰች። አሰልጣኙ በማርፈዳችን ሦስት ዙር ቀጣን። እኔ ዙሩን የጨረስኩት እሷን እየተራገምኩ ነው።

በዚህ ጠባይዋ እጫወትባትም ነበር። ዳገት ላይ ጥላኝ ስትሄድ "ፋሲካ፣ በማርያም!" እላለሁ። ትቆማለች። እየሳቀች፣ እየተቆጣች፣ ግን ትቆማለች። አንድ ጊዜ እንኳ አልፋኝ አታውቅም። ይህን ማወቄን ልብ በሉልኝ።

በዚያ ዓመትም አንድ የባሕር ዳር ክለብ ሦስት ሴት ሯጮች ከእኛ ዘንድ እንደሚመርጥ ተነገረ። ዐሥር ኪሎ ሜትር፣ በጋይንት አስፋልት አምስት ሄዶ አምስት መመለስ። ከአንድ እስከ ሦስት የወጣች ትገባለች፤ አራተኛ የወጣች ቤቷ ትገባለች። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ውድድሩ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ሚያዝያ ላይ ቁርጡ ታወቀ።

ፋሲካ ለምርጫ ስትሮጥ አራተኛ ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ሰባተኛ ወጣች። በሁለተኛው ታይፎይድ ይዟት ከመሐል ወጣች። በሦስተኛው አራተኛ ሆነች፤ በአንድ ክንድ ያህል ተቀድማ። አባቷ አያ ዋልልኝ ክፉ ሰው አይደሉም። አራት ዓመት ሙሉ ድንች ተሸክመው እየመጡ ልጃቸውን የቀለቡ ሰው ናቸው። ቢሆንም ከኋላዋ ሦስት ልጆች አሉ። "አልከለከልሁሽም ልጄ" አሏት እኔ ፊት። "የዘንድሮው ከሆነ ሆነ። ካልሆነ ግን አክስትሽ ሪያድ ቤት አግኝታልሻለች፤ ትሄጃለሽ።"

"እሺ አባየ" አለች።

ያን ቀን ቤታችን ስንገባ "ጥሩየ፣ እኔ እንዳንች አልችለውም" አለችኝ። "ያን መተላለፊያ ሳስበው ትንፋሼ ያጥረኛል።" እኔም "አትሄጅም፤ አብረን ነው የምንገባ" አልኳት። ከልቤ ነበር።

የውድድሩ ዕለት ቅዳሜ ጠዋት ከጉና የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ስልሳ አንድ ሴቶች ነበርን። ሁለት የይፋግ ልጆች ከመነሻው ተነጥለው ሄዱ፤ እነሱን የሚይዝ አልነበረም። ስለዚህ የቀረችው ቦታ አንዲት ናት። ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ለእሷ የምንታገለው እኔና ፋሲካ ብቻ ሆንን። ሌሎች ሦስት ልጆች ከኋላችን መቶ ሜትር ያህል ርቀው ይከተሉናል።

አብረን እንገባለን ያልኳትን ያን ጊዜ አሰብኩት። ሁለት ሰው አንዲት ቦታ ላይ አይቆምም። እሷም ይህን ሳታስበው አልቀረችም፤ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝና ፍጥነቷን ጨመረች። ደስ ብሎኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ስትሮጥ ታምራለች።

አራት መቶ ሜትር ሲቀር ሃያ ርምጃ ቀድማኛለች። መድረሻው ይታያል። እዚያ ሰው ግራና ቀኝ ቆሟል፤ አያ ዋልልኝ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እማማ ውዴ አጠገባቸው፣ ከመድረሻው ገመድ ማዶ ይታዩኛል። ያን ጊዜ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ተንገዳግጄ በጉልበቴ አስፋልቱ ላይ ወደቅኩ። ሕመሙ እውነት ነበር። ግን የሚቻል ሕመም ነበር። በልምምድ ስንት ጊዜ ይዞኝ በጣቴ አሽቼው ተነስቼ ሮጫለሁ።

ቀና ስል የፋሲካን ጀርባ አየሁ። እየራቀ ነው። ቀጥሎ የታየኝ ዐሥራ አንዱ ርምጃ ነው። ተመልሼ መሄድ የማላስበው ቤት፣ የማልከፍተው መስኮት። እሷ ከገባች ለእኔ ቦታ የለም፤ ወደዚያ ከመመለስ ሌላ መንገድ የለኝም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ጊዜ ትንፋሽ እስኪሳብ ነው።

"ፋሲካ፣ በማርያም!" ብዬ ጮህኩ።

ቆመች።

ከኋላ የጎተቷት ያህል ቀጥ ብላ ነው የቆመችው። ዞረች። ሃያውን ርምጃ ወደ ኋላ ሮጣ መጣች። ጎንበስ ብላ ባቴን በሁለት እጇ አሸችልኝ፣ የጫማዬን አፍንጫ ወደ ላይ ገፋችልኝ፣ በብብቴ ገብታ አቆመችኝ። ትንፋሿ ፊቴ ላይ ነበር። "ቻልሽ?" አለችኝ። ሮጥኩ።

ሯጭ ያልሆነ ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተኩል በሙሉ ኃይል የሮጠ እግር አንዴ ቆሞ ጎንበስ ካለ በኋላ እንደገና አይታዘዝም። እሷ ስትነሳ እግሮቿ እንጨት ሆኑ። ሦስቱ ልጆች አልፈዋት ሄዱ። እኔ ሦስተኛ ወጣሁ። ሠናይት የምትባል የአንበሳሜ ልጅ አራተኛ ወጣች። ፋሲካ ሰባተኛ ገባች፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ዓመት።

ከዳኞቹ አንዱ፣ ታምራት የሚባል ወጣት፣ የሆነ ነገር ማየቱን አውቆ ወረቀቱን ይዞ ወደ ፋሲካ መጣ። እኔ እጆቼን ጉልበቴ ላይ ደግፌ ሦስት ርምጃ ላይ ቆሜያለሁ።

"ለምን ቆምሽ? ያሰናከለሽ አለ?" አላት። "ክስ ካለሽ ሠላሳ ደቂቃ አለሽ። እንመለከተዋለን።"

"የለም" አለች።

"አስቢበት።"

"ያሰናከለኝ የለም። በራሴ ነው የቆምሁ።"

ዳኛው ወደ እኔ ዞሮ "አንችስ የምትይው አለ?" አለኝ። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ኖሮ ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር ወይ? አላውቅም። ምናልባት እኔ እሰረዝ ነበር፤ ምናልባት ውድድሩ ይደገም ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ። የለም ማለቴ ነው።

አያ ዋልልኝ መጡ። የሰሙት ነገር የለም፤ ሩቅ ነበሩ። ልጃቸውን አዩዋት። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላትና "በይ እንግዲህ፣ ልጄ" አሉ። እማማ ውዴ ግን ወደ እኔ መጥተው ሁለቱን ጉንጮቼን ስመው "እንኳን አንችን አተረፈልን፤ ስትወድቂ ልቤ ተሰንጥቆ ነበር" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንደኖርኳቸው አላውቅም። የክለቡ ጥሪ እስኪመጣልኝ፣ የእሷ የጉዞ ወረቀት እስኪያልቅላት፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን አደርን። አንዲት ቃል አልወቀሰችኝም። የክለቡ ቱታ ሲላክልኝ ሱሪው ረዝሞብኝ እሷ ናት ያሳጠረችልኝ። መርፌውን በጥርሷ ይዛ "ዙሪ" ስትለኝ እዞራለሁ። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ሱሪውን ከእጇ መንጭቄ "ምን ያለሽ ቂል ነሽ! አትሰድቢኝም? በጥፊ አትይኝም?" ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ አየችኝ። "መርፌው ይወጋሻል፣ ቀስ በይ" አለች።

በማግስቱ አሰልጣኝ ይሻው ዘንድ ሄድኩ። ያደረግኩትን ለመናገር ነበር የሄድኩት። ቢሮው ደርሼ ግን "ቦታዬን ለፋሲካ ልልቀቅላት" ብቻ አልኩት።

"አመመሽ እንዴ?" አለኝ። "አንች ብትቀሪ እሷ አትገባም እኮ። አራተኛዋ ሠናይት ናት። ሠናይት ነው የምትገባ። አምስተኛና ስድስተኛም አሉ። ፋሲካ ሰባተኛ ናት። ስም ዝርዝሩ አልፏል፣ አበቃ።" ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ለጓደኛሽ ማሰብሽ ግን ደግ ነው።"

ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከቢሮው ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ለራሴ አልነበረም። የሰረቅኩት ነገር ለባለቤቱ የማይመለስ መሆኑ ስለገባኝ ነው። ብመልሰው የሚወስደው ሌላ ሰው ነው።

የመሄጃዋ ቀን ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ተገኘን። አያ ዋልልኝና እማማ ውዴ ከዋዜማው ወርደው ከእኛ ጋር አድረዋል። እማማ ውዴ መቆም አቅቷቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል፤ አያ ዋልልኝ ሻንጣዋን አውቶቡሱ ላይ ለማስጫን ከረዳቱ ጋር ይሟገታሉ። ፋሲካ አዲስ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ከሥሩ የመሮጫ ጫማዋን አድርጋ ነበር። "የተሻለ ጫማ የለኝም" አለች ሳየው።

እጇን ይዤ ከሰው ለየት አደረግኳት።

"ፋሲካ፣ ያን ቀን እግሬን አሞኝ ነበር። የጮህኩት ግን አሞኝ አይደለም። እንደምትቆሚ አውቄ ነው። አውቄ ነው የጠራሁሽ።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ምን ታውቂያለሽ?"

"በድምፅሽ አወቅሁ። ስዞር ደግሞ እኔን አላየሽም፤ ገመዱን ነበር የምታይ።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ?" ጮህኩ መሰለኝ፤ ሰው ዞሮ አየን። "አውቀሽ ለምን ተመለስሽ? ለምን ለዳኛው አልነገርሽም? ለምን አታልፊኝም ነበር?"

ጥያቄው የገረማት ይመስል ግንባሯን ቋጠር አደረገች። "ስሟን ጠራሻ፣ ጥሩየ" አለች። "እንዴት ብየ አልፋለሁ? ደግሞ ወድቀሽ ነበር። ለዳኛውስ ምን እለዋለሁ? ማርያም ብላ አታለለችኝ ልበል? በእሷ ስም ክስ አይሆንልኝም።" ቀጥላ "እኔ ብሄድ አንች ቀረሽ" አለች። "አንችንም አሰርዤ ሁለታችንም ከምንሄድ።"

ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በትከሻዬ ይዛ ቀና አደረገችኝ። እንደዚያን ቀን በብብቴ ገብታ ነው ያቆመችኝ። ጥፊ ፈልጌ ነበር። ስድብ ፈልጌ ነበር። አልሰጠችኝም፤ ለእሷ ነገሩ ያለቀ ነበር፤ ለእኔ ነው ያላለቀው።

ረዳቱ "ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር፣ ግቡ!" እያለ ጮኸ። እናቷን ሳመች፣ የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ ገባች። በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። መስታወቱን ገፍታ እጇን አወጣች፤ ያዝኩት። ሞተሩ ተነሳ። ያን ጊዜ ነው ፊቷ የተለወጠው። አብረን በሮጥንበት ጊዜ ሁሉ እንዲያ ፈርታ አይቻት አላውቅም።

"ጥሩየ" አለች፤ እናቷ ዘንድ እንዳይደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሴትዮዋ ብትቆጣብኝ፣ ወይ ብታመም፣ ወይ በሩን ብትቆልፍብኝ፣ በማርያም ብየ ብለምናት ይገባታል?"

ዘይቱ ክንዴ ላይ የፈሰሰ ዕለት ትዝ አለኝ። ከተዘጋ በር ኋላ ቆሜ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ያን ስም ጠርቻለሁ። ሴትዮዋ ከማዶ ነበረች። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው። ጠልታኝ እንኳ ላይሆን ይችላል፤ ምን እንደምል አታውቅም፤ በዚያ ስም መለመንን የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ያን ሁሉ ስነግራት ይህችን አልነገርኳትም ነበር። አንድም አላስቀረሁም ብያችኋለሁ፤ ይህችን ብቻ አስቀርቼ ነበር።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። እጇን ሳልለቅ ጎን ለጎን ተራመድኩ፤ ከዚያ ሮጥኩ።

"ይገባታል" አልኳት። "በደንብ ይገባታል።"

"እውነትሽን?"

"እውነቴን።"

ፊቷ ተፈታ። ትከሻዋ ወረደ፣ እጄን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝ፤ ፈገግ አለች። አስፋልቱ ላይ ውሸቴን በድምፄ የለየች ልጅ ያን ጠዋት አመነችኝ።